ዝናቡ ሳይቀንስ ድርቁ የከፋው ለምንድን ነው? (የአባቴ ጥያቄ ነው)

የአራት_ኪሎዋ_ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡14

እንደምን አመሻችሁ። ስለ አየር ጠባይ የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ።

እኔ አራት ኪሎ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ነው የምሠራው። አባቴ የቆቦ (ሰሜን ወሎ) ገበሬ ነው። ለዓይኑ ሕክምና መጥቶ ሁለት ሳምንት እኔ ጋ ሰነበተ። አንድ ማታ ቴሌቪዥን ስናይ፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ቦረናንና ሶማሌን የመታው ድርቅ ምድር በመሞቋ ምክንያት የመድረስ ዕድሉ 100 እጥፍ ጨምሮ ነበር ሲሉ ሰማን። አባቴ ዝም ብሎ ቆየና "መቶ እጥፍ ማለት እንዴት ነው? በ10 ዓመት አንዴ የነበረው አሁን በዓመት 10 ጊዜ ሊመጣብን ነው?" አለኝ። መልስ አጣሁ።

ቀጥሎ የተናገረው ግን እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም። "እኔ ዝናቡ ቀነሰ አልልም። ሐምሌና ነሐሴ ይጥላል፤ ጎርፉም ይወርዳል። መሬቱ ግን አይጠግብም። ድሮ ቡሄ ካለፈ በኋላ ሁለት ሳምንት ቢጠፋ ማሽላው ይታገሥ ነበር። አሁን በስምንተኛው ቀን ቅጠሉን ይጠቀልላል።"

ጭንቀቱ የዘር ነው። ደጋለት የሚሉት ማሽላ በሚያዝያ ተዘርቶ እስከ ጥቅምት፣ ኅዳር ይቆያል፤ አገዳው ለበሬ ቀለብ፣ ለጎጆ ክዳን፣ ለማገዶም ነው። መልካም የሚባለው ቶሎ የሚደርስ ዘር ሐምሌ ላይ ይዘራል፤ አገዳው ግን አጭር ነው። የበልጉ ዝናብ ካልታመነ ደጋለትን መተው ይሻላል ወይ ነው ጥያቄው። በጊዜ ብዛት የድርቅ ስጋት የሚለዋወጠው በምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ። በእሱ ቋንቋ ልነግረው የምችለው ቢሆን ደስ ይለኛል።


ታሪክ_አንባቢ_ጉለሌ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

እህቴ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ ግን ይህ "የሙቀት" ወሬ ያሳስበኛል። ድርቅ ለዚህ አገር እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው ክፉ ቀን ዝናብ ከመጥፋቱ በላይ የከብት እልቂቱ ነበር የጨረሰን። በሬ አልቆ የሚያርስ ጠፋ፤ አንበጣው ተጨመረበት። የ1966ቱ የወሎ ረሃብ ተደብቆ ነው ሰው የፈጀው። የ1977ቱ በጦርነት መሐል ነው የመጣው። ያኔ ስለ ዓለም ሙቀት የሚያወራ አልነበረም። ዛሬ ሁሉንም በአየር ንብረት ካላከክን ጎተራ ሳያዘጋጅ የቀረው፣ መንገድ የዘጋው፣ እህል የደበቀው ሁሉ ነጻ ሊወጣ ነው። ይህ ነው የሚቆጨኝ።


ጡረተኛው_ዝናብ_ለኪ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

ልጄ፣ አባትሽ ያሉት ነገር እኔ ለመረዳት ብዙ ዓመት የፈጀብኝ ነው። በሜትሮሎጂ ታዛቢነት ነው ጡረታ የወጣሁት። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የዝናብ መለኪያውን ገልብጬ በብርጭቆ እለካለሁ፤ አጠገቡ ደግሞ ውሃ የሞላ ሰፊ የብረት ሳህን አለ፣ ከትናንት ወዲህ ስንት ሚሊ ሜትር ወረደ ብዬ እመዘግባለሁ። አንዱ ከሰማይ የመጣው ነው፤ ሁለተኛው ሰማይ መልሶ የወሰደው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ መጀመሪያው ብቻ ነበር። ስለ ሳህኑ የጠየቀኝ አላስታውስም።

ድርቆሽ ስታሰጪ አስቢው። ያው እንጀራ፣ ያው እርጥበት። ሐምሌ ላይ ብታሰጪው ይሻግታል እንጂ አይደርቅም። የካቲት ላይ ቆርቆሮ ላይ ብትዘረጊው በአንድ ቀን ይንኮሻኮሻል። እንጀራው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከላዩ ያለው አየር ነው። እርሻም እንዲሁ ነው። አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው የውሃ ተን በ7 በመቶ ገደማ ያድጋል። ከየት ይሞላዋል? ከባሕሩም፣ ከኩሬውም፣ ከአባትሽ ማሳና ከማሽላው ቅጠልም ይጠጣል። ስለዚህ ዝናቡ ሳይቀንስ የመሬቱ ወጪ ሊበዛ ይችላል። በስምንት ቀን ቅጠሉ ተጠቀለለ ያሉሽ ይህንን ነው።

የአዲስ አበባ ዝናብ ከመቶ ዓመት በላይ ተመዝግቧል፤ ይህ በአፍሪካ ብዙ ቦታ የማይገኝ ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት ያንን መዝገብ መርምሮ በዓመቱ ድምር ላይ ይህ ነው የሚባል የመቀነስም የመጨመርም አዝማሚያ አላገኘም። ሙቀቱ ግን እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 2002 ሌሊቱ በየ10 ዓመቱ ወደ 0.4 ዲግሪ፣ ቀኑ ወደ 0.2 ዲግሪ ጨምሯል። ከተማዋ ራሷ በሲሚንቶና በአስፋልት መሞቋ ስላለበት ይህን ቁጥር እንዳለ ወስዶ ቆቦ ላይ መለጠፍ አይገባም። ቢሆንም ዝናብ ባለበት ቆሞ ሙቀት ብቻውን መሄድ እንደሚችል ያሳያል።

ሌላው የዝናቡ አመጣጥ ነው። ድምሩ 100 ሚሊ ሜትር በ20 ቀን ተከፋፍሎ ቢወርድና በ4 ቀን ዶፍ ቢወርድ በመዝገብ አንድ ነው፤ በማሳ አንድ አይደለም። ዶፉ አፈሩን ጠርጎ ወንዝ ይገባል፤ ከዚያ በዶፍና በዶፍ መሐል ያሉት ደረቅ ቀናት ይረዝማሉ። "ጎርፉም ይወርዳል፣ መሬቱ ግን አይጠግብም" ማለት ይኸው ነው። አባትሽ ያለ መሣሪያ ለክተውታል።


ስድስት_ኪሎ_ውሃ_ጥናት
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡48

ጋሼ የጻፉት ላይ ስለ 100 እጥፉ ልጨምር፤ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ከዚህ ጋር የተያያዘ ስለሆነ።

እህቴ፣ አባትሽ "በዓመት 10 ጊዜ" ማለታቸው ትክክለኛ ስሌት ነው፤ ጥፋቱ ቁጥሩን ያለ መነሻው የነገሯቸው ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ የጠቀሰው ጥናት ዎርልድ ዌዘር አትሪቡሽን የሚባል የአጥኚዎች ቡድን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ያወጣው ነው። ሥራው ሁለት ዓለም ማነጻጸር ነው፤ አሁን ያለችውን፣ እና ሰው ባያሞቃት ኖሮ 1.2 ዲግሪ ቀዝቅዛ የምትኖረውን። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ ያን ያህል የመቅረቱ ዕድል በሙቀቱ ምክንያት 2 እጥፍ ገደማ ሆኗል አሉ። በ2 እጥፍ ብቻ እንዴት 100 ይደረሳል? ትነቱ ሲደመርበት ነው። ያው የዝናብ እጥረት በቀዝቃዛዋ ዓለም ቢደርስ ኖሮ ድርቅ ከሚባለው ደረጃ እንኳ ባልደረሰ ነበር። ከሞላ ጎደል ያልነበረ ነገር ሲኖር እጥፉ በጣም ትልቅ ይሆናል። የማይደርሰው የሚደርስ ሆነ ማለት ነው እንጂ በየወሩ ይመጣል ማለት አይደለም።

ለአባትሽ በማሽላ አስረጂያቸው። ከረጢት ውስጥ 9 ነጭና 1 ቀይ ፍሬ ይክተቱ። በየዓመቱ ሳያዩ አንድ ያውጡና ይመልሱ፤ ቀዩ ድርቅ ነው። በ10 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ ቀይ የማውጣት ዕድላቸው ከ100 65 ገደማ ነው። አሁን አንዱን ነጭ አውጥተው በቀይ ይተኩት፤ 2 ቀይ ማለት ነው። ዕድሉ ወደ 89 ከፍ ይላል። ይህ ያን ያህል ላያስደነግጥ ይችላል። ሁለት ዓመት በተከታታይ ቀይ የማውጣቱን ዕድል ግን ተመልከቺው፤ ከ100 አንድ የነበረው ከ100 አራት ይሆናል። ነጠላው ድርቅ 2 እጥፍ ሲሆን ተከታታዩ 4 እጥፍ ይሆናል። በተከታታይ ሁለት ዓመት ሲሆን ነው በሬ የሚሸጠው። (በእውነተኛው ዓለም ዓመታት እንደ ከረጢቱ ፍሬ አይነጣጠሉም፤ ላኒና፣ ማለትም በምድር ወገብ ላይ ያለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው ሲቀዘቅዝ፣ ሁለትና ሦስት ዓመት ሊከርም ይችላል። ያ ደግሞ ተከታታዩን ያከፋዋል።)

የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ጉዳዮች ጠበብት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ እየደረቁ ባሉ የዓለም ክፍሎች ድሮ በ10 ዓመት አንዴ ይደርስ የነበረ የአፈር ድርቅ አሁን 1.7 ጊዜ እንደሚደርስ፣ ሙቀቱ 2 ዲግሪ ሲሞላ 2.4፣ በ4 ዲግሪ 4.1 ጊዜ እንደሚሆን ገምቷል። ከረጢቱ ውስጥ ቀዩ ፍሬ እየበዛ ነው ማለት ነው፤ ገናም አላቆመም።

ታሪክ አንባቢ ላሉት፦ የ2007ቱ የሰሜኑ ድርቅ ራሱ ምስክርዎ ነው። በኤልኒኖ (ያው ውቅያኖስ ከወትሮው ሲሞቅ) ምክንያት በልጉም ክረምቱም ተበላሽቶ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ፈልጎ ነበር። በኋላ የተደረገው ጥናት በዚያ አካባቢ ዝናብ ላይ ከሙቀቱ ጋር የሚያያዝ ግልጽ አዝማሚያ አላገኘም። አንድ አገር፣ ሁለት ድርቅ፣ ሁለት መልስ። የደቡብ ምሥራቁን መልስ ወስዶ ለቆቦ መስጠት ስህተት ነው።


የቦረና_ልጅ_ካዛንቺስ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

ምሳ ሰዓት ላይ አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኛ ጋ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ትንሹ ሀገያ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። በ2013 ሀገያው ቀረ። ገንዘብ ያለው መኖ ገዛ። ቀጥሎ ዋናው ቀረ። እንዲህ እያለ አምስት ወቅት በተከታታይ ጠፋ። የቱላ ጉድጓዶቻችን በዚያ ሁሉ ውሃ አላጡም፤ ሰው መሰላል ላይ ቆሞ እየተቀባበለ፣ እየዘፈነ ያወጣል። ከብቱን የጨረሰው ጥም አልነበረም፤ ሣር ማጣት ነው። ውሃ ጠጥታ ወደ ግጦሽ ስትመለስ የምትወድቅ ላም አለች። ጠዋት ጠዋት አራት ሆነን፣ አንዱ ጭራዋን፣ ሌላው ቀንዷን፣ ሁለቱ ከሆዷ ሥር እንጨት አግብተን እናነሳት ነበር። የቆመችው እስከ ማታ ካልወደቀች ደስ ይለናል። በሦስተኛው ሳምንት የሚያነሳ ጉልበት እኛም ላይ አልነበረም።

"ማገገም" የሚባለውን ሰው አያየውም። ጥጃ ዛሬ ብትወለድ እናት እስክትሆን 4 ዓመት ገደማ ነው። ሽማግሌዎቻችን ከአንድ ክፉ ድርቅ በኋላ መንጋው የሚሞላበት ጊዜ ነበረ ይሉናል። አሁን ጊደሯ ሳትወልድ ሁለተኛው ይመጣል። የስድስት ኪሎው ወንድማችን የከረጢቱን ነገር ሲጽፍ ሣሩ ነው የታየኝ። ለእኛ ስጋት ማለት ዝናቡ ስንት ቀነሰ የሚለው አይደለም፤ በሁለት ድርቅ መሐል ያለው ጊዜ ስንት ነው የሚለው ነው። ድርቁ ሲያበቃ ደግሞ በጎርፍ ነው ያበቃው። የተረፈችውን ፍየል ውሃ ወሰዳት።


የአራት_ኪሎዋ_ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡05

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጋሼ፣ የድርቆሹን ነገር ለአባቴ በስልክ ነገርኩት፤ "ሴትዮዋ ናት የገባት" አለኝ፣ እናቴን ማለቱ ነው፤ እሷ ሁልጊዜ አየሩ ይጠጣል ትል ነበር። አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ ወደፊት ምሥራቅ አፍሪካ ዝናቡ ይጨምራል የሚሉ አሉ። ይህ እውነት ከሆነ ለምን እንሰጋለን?


ስድስት_ኪሎ_ውሃ_ጥናት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

እሱ እስካሁን ያልተፈታ ጉዳይ ነው። አብዛኞቹ የአየር ንብረት ሞዴሎች የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ይጨምራል ይላሉ። መለኪያዎቻችን ግን ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጋቢት–ግንቦቱ ዝናብ ለብዙ ዓመት ሲቀንስ ነው የመዘገቡት፤ ዘግይቶ ይገባል፣ ቀድሞ ይወጣል። ባለሙያዎች ፓራዶክስ፣ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር፣ ነው የሚሉት። አንዱ ማብራሪያ የምዕራብ ፓስፊክና የሕንድ ውቅያኖስ መሞቅ ነው፤ እዚያ አየር በኃይል ወደ ላይ ሲወጣ እኛ ላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ወደ ታች የሚወርድ አየር ደመና አይሠራም። የጥቅምት–ታኅሣሡ ዝናብ በአንጻሩ የመጨመር ምልክት አለው፤ ለዚያ ነው የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል በሞቀበት በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ደቡቡ በጎርፍና በአንበጣ የተመታው።

ኤልኒኖም ሁለት ፊት አለው። ሰሜኑን ክረምቱን ይነሳዋል፤ ለቦረናና ለሶማሌ የጥቅምቱን ዝናብ ይሰጣል። ላኒና ሲሆን ይገለበጣል። ስለዚህ "የኢትዮጵያ ድርቅ" የሚባል አንድ ነገር የለም። ለአባትሽ የሚያስፈልገው የቆቦ በልግ ነው፤ የቆቦ ክረምት ነው፤ ሁለቱም ለየብቻ። ድምሩ ቢጨምር እንኳ ዶፍና ረጅም ደረቅ ቀን ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ትነቱም ከፍ እንዳለ ነው። ሊዘንብም ሊደርቅም እንደሚችል አድርጎ መዘጋጀት ነው የሚሻለው እላለሁ፤ በአንዱ መወራረድ አይገባም።


የቧንቧና_ግድብ_ሰው
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ከከተማው በኩል አንድ ነገር። ድርቅ ለእያንዳንዱ የራሱ ሰዓት አለው። ማሳ በሳምንታት ይደርቃል። ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ ግድቦች ያለው ውሃ በወራት ነው የሚጎድለው፤ አንድ ክረምት ቢሳሳ የሚታወቀው በበጋው ነው። የአቃቂ የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ በዓመታት። ስለዚህ እዚህ ፒያሳ ቧንቧ ሲመጣ ድርቅ የለም ብሎ ማሰብ ሰዓት ማሳሳት ነው። ባለፈው ከቸርችል ጎዳና ቁልቁል ጎርፉ መኪና እስኪያቆም ሲወርድ ቆሜ አየሁት፤ አንዲት ጠብታ መሬት አልገባችም። ያ ውሃ ለበጋ የሚቀመጥ አይደለም።

ሙያዬ ላይ የሚያሳስበኝ ንድፉ ነው። "የ50 ዓመት ጎርፍ"፣ "የ20 ዓመት ድርቅ" (በአማካይ በ50 ወይም በ20 ዓመት አንዴ የሚጠበቅ) ብለን ስንሠራ ያለፈው ዘመን ወደፊት ይደገማል ብለን ነው። "መደበኛ" የምንለው የ30 ዓመት የዝናብና የሙቀት አማካይ ራሱ በየ10 ዓመቱ ይቀየራል፤ አሁን የምንጠቀመው እ.ኤ.አ. የ1991–2020 ነው። አማካዩ ከሞቀው ዘመን ሲወሰድ አዲሱ ሙቀት "መደበኛ" ተብሎ ይጻፋል፤ ድርቁም በወረቀት ላይ ያነሰ ይመስላል። መሬቱ ግን አማካያችንን አያነብም።


እህል_በረንዳ_ነጋዴ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡50

እኛ ዘንድ የሚታየው ሌላ ነው። ዋጋው የሚንቀሳቀሰው አዝመራው ሲጠፋ አይደለም፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ "ዝናቡ ቀድሞ ወጣ" የሚል ስልክ ከአገር ቤት ሲመጣ ነው። ያን ዕለት ያለው ሰው ጆንያውን ይይዛል። ገበሬው ግን ዕዳ ስላለበት ታኅሣሥ ላይ በርካሽ ሸጦ ሐምሌ ላይ ከእኛው ይገዛል። አንድ ድርቅ ሁለት ጊዜ ነው የሚያስከፍለው።


ታሪክ_አንባቢ_ጉለሌ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡35

ሁሉንም አነበብኩ። ያልኩት ላይ እቆማለሁ፣ ግን ልጨምርበት። በ2008 ዓ.ም. እንደ 1977ቱ ሕዝብ ያላለቀው ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት ስለነበረ፣ መንገድ ስለነበረ፣ ችግሩ ስላልተደበቀ ነው። ሰማዩ እየከፋ ከሄደ ግን ያ ዝግጅት ባለበት ቢቆም አይበቃም፤ አብሮ ማደግ አለበት። ይህን ከዚህ በፊት እንዲህ አላሰብኩትም ነበር።


የአራት_ኪሎዋ_ልጅ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡20

ዛሬ አባቴ ደወለ። ቤት ከገባ በኋላ የድሮ ደብተሩን አወጣ፤ የዕቁብ ደብተር ነው፣ ጀርባው ላይ ግን ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ደጋለት የዘራበትን ቀን በየበዓሉ ጽፎታል። መጀመሪያ ላይ "ከሚያዝያ ጊዮርጊስ በፊት" የሚለው ይበዛል። ከ2000 ወዲህ "ግንቦት ልደታ"፣ "ግንቦት ሚካኤል"፣ ሦስት ቦታ ላይ ደግሞ "አልዘራሁም" ብቻ። እያነበበልኝ "እኔ ራሴ ጽፌ እኔ ራሴ አላየሁትም" አለ።

መሬቱን ለሁለት ሊከፍለው አስቧል። ታች ያለውን፣ ጎርፍ ጠልፎ የሚያጠጣውን፣ ለደጋለት፤ አሸዋማውን ለመልካም። በልጉ ከቀረ ታችኛው ላይ ሽንብራ። አገዳው ስለሚያንሰው ከሁለቱ በሬ አንዱን በጊዜ ሊሸጥ ነው፣ ከሳ በኋላ ሳይሆን። ጋሼ፣ ዝናቡን ራሱ መለካት ይችላል ወይ ብሎ ጠይቂልኝ ብሏል።


ጡረተኛው_ዝናብ_ለኪ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡45

በደንብ ይችላሉ። ያ ደብተር እንዳይጠፋ፤ ፎቶ አንሥተሽ አስቀምጪው።

ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ይፈልጉ፤ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይሆናል፣ አፉና ቂጡ እኩል ከሆነ። ከዛፍና ከጎጆ ርቆ፣ እንዳይገለበጥ በድንጋይ ተደግፎ፣ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ይበል። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ማስመሪያ አግብተው በሚሊ ሜትር ይለኩ፣ ይድፉ፣ ይጻፉ። ያልዘነበበትን ቀን ባዶ አይተዉት፤ 0 ብለው ይጻፉ፣ ከሁሉ የሚፈለገው እሱ ነው። አጠገቡ ሌላ ጣሳ ውሃ ሞልተው፣ ከብትና ወፍ እንዳይደርስበት በወንፊት ሸፍነው ስንት እንደጎደለ ይጻፉ። በዘሩ ነገር እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ የቀበሌውን የግብርና ሠራተኛ ያማክሩ። ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለክረምቱ የሚሰጠው ትንበያ ግንቦት አካባቢ ይወጣል፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች ብሎ በዕድል ነው የሚናገረው፤ እሱን ልነግርሽ እችላለሁ።

እኔ ቤት የድሮው የመመዝገቢያ ቅጽ አንድ አለ። ነገ ከሰዓት በኋላ በአራት ኪሎ ሳልፍ አመጣልሻለሁ፤ አንቺ ኮፒ አድርገሽ ከማስመሪያ ጋር ላኪላቸው። 13 ቅጠል ይሁን፤ ጳጉሜን እንዳትቀር።